በሩጫ ሜዳ የተገለጠ ክብር



በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዐት ወንድ ልጅ በተወለደ በ40 ቀኑ፥ ሴት ልጅ በተወለደች በ80 ቀንዋ ተጠምቀው ቅዱስ ሥጋውንና ክቡር ደሙን ይቀበላሉ። ካህኑ ሕፃኑን ከማቍረቡ አስቀድሞ ዕውቀቱን አይመረምርም፤ ሕፃኑ የክርስቶስ ብልት የሚሆነው በራሱ ማስተዋል ሳይሆን በእግዚአብሔር ጸጋ ነውና። ይህን ሥርዐት የምንፈጽም እኛ ግን ያ ሕፃን አድጎ አእምሮው ከእኩዮቹ ወደ ኋላ የቀረ እንደ ሆነ ብዙ ጊዜ ዐሳባችንን እንለውጣለን። በ40 ቀኑ በእልልታ የተቀበልነውን በ15 ዓመቱ «ጅል» ብለን እንጠራዋለን፤ እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ እናስገባዋለን፤ በዓል ሲሆን ሕዝቡ ወደ ደጀ ሰላም ሲጐርፍ እርሱን በቤት ትተነው እንሄዳለን። ልጁ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የእኛ ዐይን ነው። የዚህ ትምህርት ዓላማም ይህ ዐይን እንዴት እንደሚቀና፥ ስፖርትም በዚህ ረገድ ምን ያህል እንደ ረዳ መግለጽ ነው።

አስቀድሞ ነገሩን ለይቶ ማወቅ ይገባል። የአእምሮ እድገት ውስንነት አለበት የሚባለው ሰው ለመማር፥ ለማስተዋልና የዕለት ኑሮውን ለመምራት ከእኩዮቹ ይልቅ ብዙ ጊዜና ብዙ ርዳታ የሚያስፈልገው ነው። ይህም ከልደት ወይም ከልጅነት ዘመን ጀምሮ የሚታይ ስለ ሆነ፥ ጤነኛ ሆኖ ባደገ ሰው ላይ በኋላ ከሚመጣው የአእምሮ ሕመም የተለየ ነው። ምክንያቱም ብዙ ነው። ዳውን ሲንድሮም የሚባለው በሰውነት ሕዋስ ውስጥ በሚገኙት 46 ክሮሞሶሞች ላይ አንድ ትርፍ ሲጨመር የሚሆን መሆኑ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1959 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር ታወቀ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው።) ሌላው በወሊድ ጊዜ ሕፃኑ አየር ሲያጥረው፥ ወይም እናቲቱ በእርግዝናዋ ወራት በምግብዋ ውስጥ በቂ አዮዲን ስታጣ ይደርሳል፤ አዮዲን የተጨመረበት ጨው መብላት የዚህ ዐይነቱን ጉዳት ይከላከላል። እንግዲህ ምክንያቱ እንዲህ የሆነውን ሁሉ የርግማን ፍሬ ማለት ስሕተት ነው።

ይህን ስሕተት ቤተ ክርስቲያን ከጌታችን አፍ ሰምታ ያወገዘችው ነው። በዮሐንስ ወንጌል በምዕራፍ 9 እንደምናነበው፥ ደቀ መዛሙርት ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው ኀጢአቱ የእርሱ ይሁን ወይስ የወላጆቹ ብለው ጠየቁ፤ ጌታችንም ሁለቱንም ነጻ አወጣቸው። ዛሬም በየአጥቢያችን «አባቴ፥ ምን በድዬ ነው እንዲህ ያለ ልጅ የተሰጠኝ?» የምትል እናት አለች። ለዚህች እናት ካህኑ የሚሰጣት መልስ ወይ ልጇን ከጓዳ ያወጣዋል፥ ወይ እስከ ዕለተ ሞቱ ዘግቶበት ይኖራል።

ልጅን መሸሸግ የድኻ ወይም ያልተማረ ሰው ጠባይ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ አገር በሀብትም በሥልጣንም እጅግ ከታወቁት ቤተ ሰቦች አንዱ የኬኔዲ ቤተ ሰብ ነበር። የፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ እኅት ሮዝሜሪ አእምሮዋ ከእኩዮቿ የዘገየ ነበረ። በ1941 ዓ.ም. አባቷ ይሻላታል ብሎ በአንጎሏ ላይ ቀዶ ሕክምና አስደረገባት፤ ሕክምናው ግን የነበራትንም ችሎታ ነጠቃት፤ ከዚያ ወዲያ ከሕዝብ ዐይን ርቃ በመጦሪያ ቤት ኖረች። ታናሽ እኅቷ ዩኒስ ኬኔዲ ሽራይቨር ግን ዝም አላለችም። በ1962 ዓ.ም. በበጋው ወራት በሜሪላንድ የሚገኘውን የቤቷን ግቢ ከፍታ፥ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን ልጆች ሰብስባ መዋኘትን፥ ኳስን፥ ፈረስ መጋለብን አስለመደቻቸው። በዚያው ዓመት የእኅቷን ነገር በታወቀ መጽሔት ጽፋ ለሕዝብ ገለጠች። ከጓዳ ማውጣት ማለት ይህ ነው።

ከ6 ዓመት በኋላ በ1968 ዓ.ም. በሐምሌ ወር በቺካጎ ከተማ ሶልጀር ፊልድ በሚባለው ስታዲዮም የመጀመሪያው የስፔሻል ኦሊምፒክስ ውድድር ተደረገ። ከ26 የአሜሪካ ግዛቶችና ከካናዳ የመጡ 1,000 ያህል ተወዳዳሪዎች ሮጡ፥ ዋኙ፥ ዘለሉ። በዚያ ሰፊ ስታዲዮም የተቀመጠው ተመልካች ግን እጅግ ጥቂት ነበረ። በ1988 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ለድርጅቱ ዕውቅና ሰጠ። በ2003 ዓ.ም. የዓለሙ የበጋ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ከአሜሪካ ውጭ በአየርላንድ ዋና ከተማ በደብሊን ሲደረግ፥ ከ150 ያህል አገሮች 7,000 ያህል ስፖርተኞች መጡ፤ የአየርላንድ ከተሞችና መንደሮችም እያንዳንዳቸው የአንድ አገር ቡድን ተቀብለው አስተናገዱ። በመክፈቻው ዕለት ስታዲዮሙ በሰው ተሞላ። በቺካጎ ባዶ የነበረውን መቀመጫ በደብሊን የሞላው የ35 ዓመት ትዕግሥት ነው።

ነገር ግን «ደካማውን በአደባባይ ማሯሯጥ መሳለቂያ ማድረግ አይደለምን?» የሚል ይኖራል። መልሱ በውድድሩ ሥርዐት ውስጥ ይገኛል። ስፖርተኞቹ በዕድሜ፥ በጾታና በችሎታ ተለይተው፥ አስቀድሞ በሚደረግ መመዘኛ ተቀራራቢ ከሆነው ጋር ብቻ ይወዳደራሉ። ስለዚህ የሁሉም ድካም እውነተኛ ድካም ነው፤ ድሉም ከርኅራኄ የተሰጠ ምጽዋት አይደለም። መሐላቸውም ድልን መመኘት፥ ድል ባይገኝ ግን በድፍረት መጋደልን መለመን ነው። ከዚህም በላይ ውስንነት ያለባቸውና የሌለባቸው ወጣቶች በአንድ ቡድን ተሰልፈው የሚጫወቱበት ሥርዐት አለ። ኳስ ያቀበለህን ወንድም «ምስኪን» ብለህ ልታልፈው አትችልም፤ የቡድንህ ሰው ነውና። ማዘን ከላይ ወደ ታች ያያል፤ ማክበር ግን ጐን ለጐን ይቆማል።

ጥቅሙ በክብር ብቻ አያበቃም። ሕመሙን በቃል ለመግለጽ የሚቸገር ሰው ጥርሱ ሲበሰብስ፥ ዐይኑ ሲደክም፥ ጆሮው ሲደፈን ሌላው ሳያውቅለት ይኖራል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በስፔሻል ኦሊምፒክስ ውድድሮች ላይ ሐኪሞች ተገኝተው ስፖርተኞቹን በነጻ የሚመረምሩት ስለዚህ ነው። በዝግታ የተባለው ልጅ እንዲያው ያልሰማ ወይም አጥርቶ ያላየ ሆኖ የተገኘበት ጊዜ አለ።

ሌላው ደግሞ «ስፖርት የዓለም ነገር ነው፤ ለቤተ ክርስቲያን ምንዋ ነው?» ይል ይሆናል። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ የክርስቲያንን ተጋድሎ በሩጫ ሜዳ መስሎ አስተማረ፤ በዚያው መልእክት ደካሞች የሚመስሉት ብልቶች ለአካሉ እጅግ አስፈላጊ መሆናቸውን ገለጠ። ሁለቱን ትምህርት አንድ ላይ ስናነብ፥ በሩጫው ሜዳ ለደካማው ብልት ስፍራ መስጠት እንግዳ ነገር አይሆንብንም። የአገራችን ሕዝብም ቢሆን የጌታችንን ልደት በገና ጨዋታ ሲያከብር ኖሯል፤ በዚያ ሜዳ ጌታና ሎሌ እኩል ሲጋፉ አንዱ ሌላውን አይቈጣም ነበር። ለአንድ ቀን ማዕርግን የሚያስረሳ ሜዳ ካለን፥ የአእምሮን ብልጫ የሚያስረሳ ሜዳ ማግኘት ለምን ያቅተናል?

ሻምበል አበበ ቢቂላን እናስብ። በሮም በ1960 በባዶ እግሩ፥ በቶኪዮ በ1964 ዓ.ም. በጫማ ማራቶንን አሸነፈ። በ1969 የመኪና አደጋ ደርሶበት እግሮቹ አልታዘዝ ቢሉት፥ በ1970 በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በእንግሊዝ አገር በቀስት ውርወራ ተወዳደረ። ሕዝቡም እስከ መጨረሻው አከበረው፤ ክብሩ በእግሮቹ ላይ ብቻ እንዳልነበረ ዐውቋልና። የእርሱ ጉዳት የአካል እንጂ የአእምሮ አልነበረም፤ የሰው ክብር በእግር ብርታት እንደማይለካ ካመንን ግን በአእምሮ ፍጥነት ይለካል ማለት አንችልም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ካህናት አባቶች ሆይ፥ በንስሓ ልጆቻችሁ ቤት እንዲህ ያለ ልጅ እንዳለ ጠይቁ፤ ልጁን በክርስትና ስሙ ጥሩት፤ ከቍርባንም አታርቁት። ጸበል በረከት ነው፤ ነገር ግን ልጁን በሰንሰለት ማሰር ወይም የሐኪም መድኃኒት ማስጣል ከጸበል ጋር አንድነት የለውም። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ሆይ፥ ከትምህርት በኋላ በምትጫወቱበት ሜዳ ለእነዚህ ወንድሞችና እኅቶች ስፍራ ስጡ። ጨዋታው አጭር ሕጉም ቀላል ይሁን፤ አንድ ነገር ደጋግማችሁ አሳዩ፤ የዘገየውን ታገሡ። ከመጀመራችሁ በፊት ግን በሐኪም ይታዩ፤ ዳውን ሲንድሮም ያለባቸው አንዳንዶች የልብ ወይም የአንገት አጥንት ድካም ስላለባቸው ከከባድ ግፊያና ከመገለባበጥ ሊጠበቁ ይገባል። ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁን በበዓል ቀን ነጭ ልብስ አልብሳችሁ ከእናንተ ጋር ውሰዱት።

ንጉሥ ዳዊት እግሮቹ ሽባ የነበሩትን ሜምፊቦስቴን ምግቡን ወደ ጓዳ አልላከለትም፤ በገዛ ማዕዱ ከልጆቹ ጋር አስቀመጠው እንጂ። በ40 ቀኑ ያለ ፈተና ወደ መንበሩ ያቀረብነውን ልጅ፥ ዛሬም ያለ ፈተና ወደ ማዕዳችንና ወደ ሜዳችን እንድናቀርበው የአምላካችን ቸርነት ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።