«ምን አይተሽ ነው?» ከማለታችን በፊት፦ የልጅን ፊት ስለምትሠራ አንዲት ዘረመል



የጉንጩ አጥንት ያላደገ፣ አገጩ ወደ ኋላ የገባ፣ ዓይኖቹ በጠርዛቸው ወደ ታች ያዘነበሉ፣ ጆሮው በጣም ትንሽ የሆነ ሕፃን ሲወለድ ጥያቄው ሁሉ እናትየው ላይ ነው የሚወርደው። «ምን በላሽ? ምን አይተሽ ነው?» ይሏታል። መልሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቲሲኦኤፍ1 የምትባል ዘረመል (ጂን) ላይ ነው ያለው።

ችግሩ ትሪቸር ኮሊንስ ሲንድረም ይባላል፤ ከ50 ሺህ ሕፃናት በአንዱ ገደማ ይከሰታል። «ዋንደር» የሚለውን ፊልም ያያችሁ ዋናውን ልጅ አስታውሱት፣ እሱ ነው።

ዘረመሏ ምን ትሠራለች?

5ኛው ክሮሞዞም ላይ ሆና ትሪክል የተባለ ፕሮቲን እንዲመረት ታዛለች። ትሪክል የሚውለው በሴሉ ኑክሊየስ ውስጥ ባለችው ኑክሊዮለስ ነው። ኑክሊዮለስን እንደ ጋራዥ ቁጠሯት፤ ራይቦዞም የሚባሉት ማሽኖች የሚገጣጠሙት እዚያ ነው። ሴል ያለ ራይቦዞም ፕሮቲን መሥራት አይችልም።

ሁላችንም የዘረመሏ ሁለት ቅጂ አለን። አንዱ ሲበላሽ ትሪክል ይቀንሳል። አብዛኛው ሴል በቀረው ይብቃቃል። ነገር ግን ከ4ኛው እስከ 8ኛው የእርግዝና ሳምንት (ብዙ እናት ማርገዟን እንኳ ሳታውቅ ማለት ነው!) ፊትን የሚሠሩት ሴሎች በፍጥነት ይባዛሉ፤ ብዙ ራይቦዞም ይፈልጋሉ። ሲያንሳቸው ይሞታሉ። ጉዳቱ ፊት ላይ የሚያተኩረው ለዚህ ነው።

ከማን መጣ?

ከ10 ታማሚዎች በ6ቱ ገደማ ለውጡ አዲስ ነው፤ ከእናትም ከአባትም አልተወረሰም። ችግሩ ካለበት ወላጅ ግን በእያንዳንዱ እርግዝና የመተላለፍ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። አንዳንድ ወላጅ ምልክቱ በጣም ቀላል ስለሆነ እንዳለበት አያውቅም፤ ስለዚህ ሌላ ልጅ ከማሰባችሁ በፊት ሁለታችሁም ታዩ።

አሁን ዋናው ነገር

መጀመሪያ ትንፋሽ ነው። መንጋጋው ትንሽ ስለሆነ ምላስ ወደ ኋላ ተንሸራቶ የአየር ቧንቧን ሊዘጋ ይችላል። ሕፃኑ ሲተነፍስ ካንኮራፋ፣ ሲጠባ ትን ካለው ሐኪም ሳይውል ሳያድር ይየው። ከንፈሩ ከጠቆረ ግን በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል!

ቀጥሎ ጆሮ። ግማሽ ያህሉ በደንብ አይሰሙም። እነዚህ ልጆች አእምሯቸው አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ነው፤ ግን ስላልሰሙ አፍ ሳይፈቱ ይቆዩና «ዘገምተኛ ነው» ተብለው ቤት ይቀራሉ። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ምክንያቱም ብዙውን ጊዜ የተበላሸው የድምፅ መግቢያው እንጂ የውስጠኛው ጆሮ አይደለም። ድምፅን በራስ ቅል አጥንት በኩል የሚያሻግር የመስሚያ መሣሪያ አለ፤ ለሕፃን ያለ ቀዶ ሕክምና በጨርቅ ማሰሪያ ግንባሩ ላይ ይታሰርለታል። የመስማት ምርመራው በመጀመሪያው ወር ይደረግለት፤ «ትንሽ ይደግ» አትበሉ።