የባለመቀርቀሪያ ጠመንጃ አሠራርና አያያዝ፦ ከውጅግራ እስከ ማውዘር 98

በኢትዮጵያ የታሪክ ጥናት ውስጥ ጠመንጃ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሰው በቁጥርና በስም ነው። ስንት ገባ፣ ከማን ተገዛ፣ በየትኛው ወደብ አለፈ የሚሉት ጥያቄዎች ደጋግመው ተነሥተዋል። መሣሪያው በተኳሹ እጅ ውስጥ እንዴት ይሠራ እንደ ነበር ግን እምብዛም አይጠየቅም። ስሞቹም በዚህ ረገድ ብዙ አይረዱም። «ውጅግራ» ፈረንሳይኛው «ፉዚል ግራ» በአማርኛ አፍ ተለዝቦ የወጣ መጠሪያ ነው፤ «በልጅግ» ደግሞ መሣሪያው የመጣበትን አገር ይጠራል። አንዱ የፈልሳፊውን፣ ሌላው የአገሩን ስም ይዞ ሲቀር፣ ሁለቱ የሚጋሩት አሠራር፣ ማለትም በእጅ የሚዞረው መቀርቀሪያ፣ ከስሙ በስተጀርባ ተሰውሮ ቆይቷል። ዛሬ በዓለም ዙሪያ አዳኞች የሚይዙት ጠመንጃ በአብዛኛው የዚሁ አሠራር ወራሽ ስለ ሆነ፣ ጉዳዩ የታሪክ ብቻ አይደለም።

መሠረቱ ቀላል ነው። እንደ በር መቀርቀሪያ ያለ ሲሊንደር ብረት በጠመንጃው አካል ውስጥ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንሸራተታል። እጀታው ወደ ላይ ሲነሣ መቀርቀሪያው ሩብ ዙር ያህል ዞሮ ይፈታል፤ ወደ ኋላ ሲሳብ የተተኮሰውን ቀለህ ያወጣል፤ ወደ ፊት ሲገፋ አዲስ ጥይት ያጎርሳል፤ እጀታው ወደ ታች ሲወርድ ይቆለፋል። ክብደቱ ያለው በመጨረሻዋ እንቅስቃሴ ላይ ነው። በ7.92 ሚሊ ሜትሩ የማውዘር ጥይት ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት እስከ 3,900 ባር ሊደርስ ይችላል። ይህ ግፊት በቀለሁ መቀመጫ ስፋት ሲባዛ መቀርቀሪያውን ወደ ተኳሹ ፊት የሚገፋው ኃይል ከ3 ቶን ይበልጣል። በዚያ ቅጽበት በተኳሹ ጉንጭና በዚህ ኃይል መካከል የሚቆሙት ጥቂት የብረት ጥርሶች ብቻ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣው ግራ ይህን ሸክም የሚሸከመው በእጀታው ሥር ባለው ጉብታ፣ ያውም በአንድ ወገን ብቻ ነበር። ጥይቱ 11 ሚሊ ሜትር፣ ባሩዱም ጥቁር ስለ ነበር ይህ በቂ ሆኖ ተገኝቷል። መሣሪያው ካዝና የለውም፤ እያንዳንዱ ጥይት በእጅ ይገባል። በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ በኢትዮጵያ ሠራዊት እጅ በስፋት የነበረው ይኸው ውጅግራ ሲሆን፣ ከጣሊያን ወታደሮች ብዙዎቹ ይዘውት የመጡት ቬተርሊ ቪታሊ ደግሞ 4 ጥይት የሚይዝ ካዝና ነበረው። የጦርነቱን ፍጻሜ በዚህ ልዩነት ለመተርጎም መሞከር ከንቱ ነው፤ የተኩስ ፍጥነትን የሚያነጻጽር አጥኚ ግን ልዩነቱን ሊዘነጋው አይገባም።

ጭስ አልባው ባሩድ ሲመጣ ግፊቱ ጨመረ፤ መቆለፊያውም መለወጥ ግድ ሆነበት። ጳውል ማውዘር የነደፈውና የጀርመን ጦር እ.ኤ.አ. በ1898 የተቀበለው ጠመንጃ ሁለት ትልልቅ ጥርሶችን በመቀርቀሪያው ጫፍ ላይ፣ ከጥይት ማረፊያው ወዲያው ኋላ አኖረ። ሦስተኛ ጥርስ ከኋላ ተጨመረ፤ እሱ በመደበኛው ጊዜ ሸክም አይሸከምም፣ የፊተኞቹ ቢሰበሩ የሚደርስ ተጠባባቂ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ከቤልጅግ የገዛቻቸው ማውዘሮች የዚሁ ቤተሰብ ናቸው።

እጀታውን የማንሣት እንቅስቃሴ ከውጭ ሲታይ ቀላል ቢመስልም በአንድ ጊዜ ሁለት ሥራ ይሠራል። በመጀመሪያ መርፌውን ወደ ኋላ ገፍቶ ጠንካራውን ሞላ ይወጥራል፤ ስለዚህ የማውዘር 98 እጀታ ሲነሣ ከበድ ይላል። የእንግሊዙ ሊ ኤንፊልድ ሞላውን የሚወጥረው በተቃራኒው መቀርቀሪያው ሲዘጋ ነው። ሁለተኛው ሥራ ደግሞ የተጣበቀውን ቀለህ ማላቀቅ ነው። ናሱ በግፊት አብጦ ከጥይት ማረፊያው ግድግዳ ጋር ይጣበቃል፤ ሙቀት፣ አቧራ ወይም ዝገት ካለ ደግሞ ይብስበታል። በእጀታው ሥር ያለው ዘንበል ያለ ገጽ ከጠመንጃው አካል ጋር ሲፋተግ የመዞሩን ኃይል ወደ አጭር ግን ብርቱ የኋሊት ስበት ይለውጠዋል። ክንድ ብቻውን የማይችለውን የመጀመሪያ ሚሊ ሜትር የሚያስገኘው ይህ ዝንባሌ ነው። ሳይዞሩ በቀጥታ የሚሳቡ መቀርቀሪያዎች በጭቃ ውስጥ ያስከተሉት ችግር ዋና ምክንያቱ ይህ ዕድል ስለ ጎደላቸው ነው።

በአዳኞች ዘንድ ረጅም ክርክር ያስነሣው ግን ጥይቱ ከካዝናው ወደ ማረፊያው የሚሄድበት መንገድ ነው። በማውዘር 98 ላይ ረጅምና ሰፊ ጥፍር በመቀርቀሪያው ጎን ተለጥፎ ይገኛል፤ መቀርቀሪያው ሲዞር እሱ አይዞርም። ጥይቱ ከካዝናው ወደ ላይ ብቅ እንዳለ የቀለሁ ከንፈር በጥፍሩ ሥር ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ጥይቱ እስኪወጣ ድረስ አይለቀቅም። እንደ ሬሚንግተን 700 ባሉ ዘመናይ ጠመንጃዎች ግን መቀርቀሪያው ጥይቱን ከኋላ ይገፋዋል እንጂ አይዘውም፤ ጥፍሩ ከንፈሩን የሚነክሰው መዝጊያው ሲጠናቀቅ ብቻ ነው። ለኢላማ ተኩስ ልዩነቱ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። አደገኛ አውሬ ፊት ለፊት በቆመበት ጊዜ ግን ሌላ ነው። የደነገጠ ተኳሽ መቀርቀሪያውን ገፍቶ ሳይቆልፈው መልሶ ቢስበው፣ በሁለተኛው ዓይነት ጥይቱ በማረፊያው ውስጥ ይቀራል፤ ቀጣዩ ጥይት ተገፍቶ ሲመጣ ጫፉ በፊተኛው ጥይት መቀመጫ ላይ ያርፋል። ጠመንጃው ይነክሳል፤ አደጋም ሊደርስ ይችላል። በማውዘር ላይ ጥፍሩ ያልተተኮሰውን ጥይት ይዞት ይመለሳል።

ይህ ጥቅም ያለ ዋጋ አልመጣም። የማውዘሩ ጥፍር የተሠራው ጥይቱን ከካዝና ለመቀበል ስለ ሆነ፣ አንድ ጥይት በእጅ ወደ ማረፊያው ጨምሮ መቀርቀሪያውን በላዩ መዝጋት ጥፍሩን ያለ አግባብ ያስጨንቀዋል፤ ሲደጋገምም ሊሰብረው ይችላል። ቀለሁን የሚያስፈነጥረው ክፍልም ሥራውን የሚሠራው መቀርቀሪያው እስከ መጨረሻው ሲሳብ ነው። ጀማሪዎች መሣሪያውን ላለመጉዳት በሚል ለስለስ አድርገው ግማሽ መንገድ ይስቡታል፤ ባዶው ቀለህም ሳይወጣ ከቀጣዩ ጥይት ጋር ይጋጫል። ባለመቀርቀሪያ ጠመንጃ በቆራጥ እጅ፣ ሰደፉ ከትከሻ ሳይወርድ እንዲሠራ ታስቦ የተነደፈ ነው፤ ልስላሴ የሚያሻው ምላጩ ብቻ ነው።

የማውዘር 98 መጠበቂያ ከኋላ ሲታይ ሦስት ቦታ ያለው ትንሽ ክንፍ ነው። ወደ ግራ ሲሆን ይተኩሳል፤ ወደ ቀኝ ሲሆን መርፌውም መቀርቀሪያውም ይታሰራሉ፤ ቀጥ ብሎ ሲቆም መርፌው ታስሮ መቀርቀሪያው ይከፈታል። ካዝናውን ያለ ስጋት ለማራገፍ የሚያስችለው ይህ የመካከሉ ቦታ ነው። በወታደራዊው ጠመንጃ ላይ ሌላም ብልሃት አለ፤ ጥይቱን ወደ ላይ የሚገፋው ሰሌዳ ካዝናው ባዶ ሲሆን መቀርቀሪያውን ከፊት አግዶ መዝጋት ይከለክለዋል፤ ወታደሩም ጥይት እንዳለቀበት በእጁ ያውቃል። ብዙ የአደን ጠመንጃ ሠሪዎች ግን የሰሌዳውን ጠርዝ ሞርደው ይህን አስቀርተዋል። ስለዚህ መቀርቀሪያው ስለ ተዘጋ ወይም ስላልተዘጋ ብቻ መሣሪያው ባዶ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም፤ ማረፊያውን በዓይን፣ ካዝናውን በጣት መፈተሽ ያስፈልጋል።

ምላጭ ተስቦ ጥይቱ ሳይፈነዳ ሲቀር መቀርቀሪያውን ወዲያው መክፈት የተለመደ ስሕተት ነው። ባሩዱ ዘግይቶ ሊቀጣጠል ስለሚችል አፈሙዙ ወደ ባዶ አቅጣጫ እንደ ዞረ ቢያንስ 30 ሰከንድ መጠበቅ ያሻል። ቀለህ በሚቀደድበት ጊዜ ማውዘር ትኩሱን ጋዝ በመቀርቀሪያው አካል ላይ ባሉ ቀዳዳዎች በኩል ከተኳሹ ፊት ያርቃል፤ በኋላው ጫፍ ያለው ሰፊ ክፈፍም የቀረውን ያግዳል። አሮጌዎቹ ሞዴሎች ይህን ያህል ጥበቃ የላቸውም።

በየቤቱና በየቤተ መዘክሩ ያሉ አሮጌ ጠመንጃዎችን ለሚመረምር ሰው ከሁሉ የሚከብደው ጉዳይ የተቀያየረ መቀርቀሪያ ነው። መቀርቀሪያው ከወለዱት ጠመንጃ ጋር ተገጣጥሞ የተስተካከለ ሲሆን፣ በመቀርቀሪያው ፊትና በጥይት ማረፊያው መካከል ያለው ርቀት የሚለካው ከሚሊ ሜትር እጅግ ባነሰ መጠን ነው። ርቀቱ ሲሰፋ ቀለሁ በተኩስ ጊዜ ተወጥሮ ይቀደዳል። ከጦር ሜዳ የተሰበሰቡ ወይም በአንድ መጋዘን ተፈታተው የጸዱ መሣሪያዎች መቀርቀሪያቸው ሊቀያየር ይችላል፤ ከውጭ ግን ሁሉም ደኅና ይመስላሉ። በመቀርቀሪያውና በጠመንጃው አካል ላይ የተቀረጹት ተከታታይ ቁጥሮች ካልተመሳሰሉ፣ መሣሪያው በመለኪያ ጌጅ በባለሙያ ሳይፈተሽ መተኮስ የለበትም፤ በመዝገብም ላይ ሁለቱ ቁጥሮች ለየብቻ ሊሰፍሩ ይገባል።