ራቭ ፎር አትርፏል ወይስ አክስሯል?

አዲስ አበባ ውስጥ «መኪና ገዝቶ የከሰረ የለም» ሲባል ይሰማል። ደላላው ይናገረዋል፣ ባለመኪናውም ያምነዋል። አባባሉ ጨርሶ ውሸት ነው ባይባልም ትርፉ በምን እንደተለካ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው።

አንድ የመርካቶ ነጋዴ በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ያገለገለች ራቭ ፎር በ500 ሺህ ብር ገዛ እንበል። መኪናዋ ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1994 ለገበያ ካወጣው ከመጀመሪያው ሞዴል ወገን ናት፤ ሞተሯ ባለ 2 ሊትር ሲሆን አራቱም ጎማዋ ይጎትታል። ከስምንት ዓመት በኋላ 1 ሚሊዮን 500 ሺህ ብር ተጠየቀባት። በብር ሲታይ ዋጋዋ ሦስት እጥፍ ሆኗል።

አሁን ስሌቱን በሌላ ሚዛን እንየው። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. የብር የመግዛት አቅም በ15 በመቶ እንዲቀንስ ሲደረግ አንድ ዶላር 27 ብር ገደማ ሆነ። በዚያ ምንዛሪ ነጋዴው ያወጣው ገንዘብ 18 ሺህ 500 ዶላር ያህል ነበር። ምንዛሪው ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለገበያ ተለቋል። ለስሌት እንዲመች ዶላሩን 150 ብር ብንለው የዛሬው 1 ሚሊዮን 500 ሺህ ብር 10 ሺህ ዶላር ብቻ ነው። ነጋዴው ያንኑ የዶላር መጠን ለመመለስ ወደ 2 ሚሊዮን 780 ሺህ ብር መሸጥ ነበረበት።

ታዲያ ከሰረ ማለት ነው? ፍርዱ ከምን ጋር እንደሚነጻጸር ይወሰናል። በዚያው ጥቅምት የቁጠባ ዝቅተኛ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ ብሎ ነበር። ገንዘቡ በ7 በመቶ ባንክ ቢቀመጥ፣ ከወለዱ የሚቆረጠው ግብር ሳይታሰብ፣ በስምንት ዓመት 859 ሺህ ብር ይሆን ነበር። መኪናዋ ባንኩን በልጣለች። በሱቁ ዕቃ ላይ ውሎ በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ቢገላበጥ ግን ውጤቱ ሌላ ነበር፤ ይህን የሚያውቀው ነጋዴው ራሱ ነው።

የነዳጁን ወጪ ከዚህ ሒሳብ ጋር መቀላቀል ትልቅ ስህተት ነው። በወር 1 ሺህ ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 11 ሊትር ብትፈጅና ሊትሩ 130 ብር ቢሆን በወር 14 ሺህ 300 ብር ትበላለች። ይህ የመጓጓዣ ዋጋ ነው፤ መኪና ባይኖረውም ነጋዴው ለታክሲ መክፈሉ አይቀርም። ከንብረቱ ዋጋ ላይ የሚቀነሰው የፍሪሲዮኑ፣ የኩሽኔታው፣ የመድኑና የቦሎው ነው። ሶማሌ ተራ የሚሄድ ሰው ደረሰኝ አያስቀምጥምና ብዙ ባለመኪና ይህን ድምር ቢጠየቅ መልስ የለውም።

የዋጋው ንረት ምክንያትም መታወቅ አለበት። መኪናዋ እያረጀች እንጂ እየተሻለች አልሄደችም። የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጣለ፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው ተገለጸ። በሩ ከኋላዋ በመዘጋቱ ውስጥ ያለችው ተወደደች። ሆኖም በአንድ በኩል በሩን የዘጋው መንግሥት በሌላ በኩል ከፍቶታል፤ የኤሌክትሪክ መኪኖች በ2014 ዓ.ም. ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነፃ ተደረጉ። አነስተኛ የኤሌክትሪክ የመስክ መኪና በከተማው በበዛ ቁጥር የራቭ ፎር ገዢ አማራጭ ያገኛል። በመመሪያ የወጣ ዋጋ በመመሪያ ሊወርድ ይችላል።

«ተጠየቀባት» እና «ተሸጠች» ደግሞ አንድ አይደሉም። ነጋዴው ለዕቃ መግዣ ገንዘብ በፈለገበት ሳምንት ገዢው መካኒክ ይዞ ይመጣል። መካኒኩ አስቀድሞ የሚያየው ጎማዎቹን ነው። ባለቤቱ አንድ በተነፋ ቁጥር አንድ እየገዛ መጠናቸው የተለያየ ጎማ ገጥሞ ከሆነ፣ አራቱም በሚጎትቱበት መኪና ላይ የመካከለኛው ዲፍረንሻል ያለ ዕረፍት ሲሠራ ከርሟል። መካኒኩ ይህን ለገዢው በጆሮው ይነግረዋል፤ ከዚያም ድርድሩ ከ1 ሚሊዮን 500 ሺህ ወደ ታች ይጀመራል።