በቆላ ላብ፣ በደጋ ሚዛን፦ ከውድድር በፊት የሚደረግ የክብደት ቅነሳ ለይፋት ታጋይ ያለው ዋጋ

ትግል በኢትዮጵያ የባህል ስፖርቶች ውድድር ከገና ጨዋታ፣ ከገበጣና ከፈረስ ጉግስ ጋር ከሚካተቱት አንዱ ነው። በእረኞች መስክ የሚደረገው ትግል እኩያን ከእኩያ የሚያገጥመው በዓይን ግምት ሲሆን፣ የተደራጀው ውድድር ይህን ዳኝነት ለሚዛን አሳልፎ ሰጥቷል። ሚዛን ፍትሕን ለማስፈን የገባ መሣሪያ ቢሆንም ከመጀመሪያው አንድ ጥያቄ አብሮት ኖሯል፤ ከተፈጥሮ ክብደት ወደሚያንስ ምድብ ወርዶ መግጠም በእርግጥ ብልጫ ያስገኛልን? ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን ከጣርማ በር ግርጌ፣ ከሸዋ ሮቢትና ከአካባቢው የይፋት ቆላ ተነሥቶ በደጋ ለመወዳደር ከሚወጣ ታጋይ አንጻር ይመረምራል። መልሱን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ከሚዛን እስከ መጀመሪያው ግጥሚያ ያለው ሰዓት፣ እንዲሁም የወረደው ክብደት ከውሃ ወይም ከስብ መውጣቱ።

በዓለም አቀፉ የነጻ ትግል ሕግ 65 እና 70 ኪሎ ግራም የተለያዩ ምድቦች ናቸው። ክብደቱ 68 ኪሎ የሆነ ታጋይ በ70 ቢገጥም ለተጋጣሚው እስከ ሁለት ኪሎ ይለቃል፤ በ65 ለመግጠም ግን ሦስት ኪሎ፣ ማለትም ከሰውነቱ 4.4 በመቶ ያህሉን ማውረድ አለበት። በኦሊምፒክ ምርጫው የባሰ ይጠባል። በወንዶች ነጻ ትግል ከ57 ቀጥሎ ያለው ምድብ 65 ኪሎ ነው። በቴኳንዶም እንዲሁ በዓለም ሻምፒዮና ስምንት የነበሩት የወንዶች ምድቦች በኦሊምፒክ ወደ አራት ስለሚወርዱ፣ ኢትዮጵያዊው ሰሎሞን ቱፋ በቶኪዮ የተወዳደረበት የ58 ኪሎ ምድብ ከታች የመጀመሪያው ነው፤ ከእርሱ በላይ ያለው 68 ነው። ስለዚህ ክብደት የመቀነስ ልማድ ከተወዳዳሪው ምኞት ባልተናነሰ ከምድቦቹ አደረጃጀት ይመነጫል።

ሦስቱ ኪሎ በአንድ ቀን በላብ ከወጣ፣ የወጣው ውሃ ነው። የጠፋውን ፈሳሽ ለመመለስ የአንድ ተኩል እጥፉን መጠጣት እንደሚያስፈልግ በስፖርት ሥነ ምግብ ይመከራል፤ ከሚጠጣው ከፊሉ በሽንት ይወጣልና። ለሦስት ሊትር አራት ሊትር ተኩል ማለት ነው። ጨጓራ በአንድ ሰዓት ወደ አንጀት የሚያሳልፈው ፈሳሽ ቢበዛ ወደ አንድ ሊትር ስለሚጠጋ፣ በሚዛንና በግጥሚያ መካከል ሁለት ሰዓት ብቻ ካለ ሒሳቡ አይሞላም። ታጋዩ መድረክ ላይ የሚወጣው የደም ፕላዝማው ቀንሶ፣ ልቡ ለተመሳሳይ ሥራ ፈጥኖ እየመታ ነው። በጡንቻ ውስጥ የተከማቸው ግላይኮጅንም ከተሟጠጠ በኋላ ሙሉ በሙሉ ለመተካት አንድ ቀን ያህል ይፈልጋል። ለጨበጣና ለተደጋጋሚ ጉተታ ጉልበት የሚሰጠው በዋናነት እርሱ ነው።

የስፖርት ማኅበራት የሚዛን ሰዓት የሚለያየውም በዚሁ ምክንያት ነው። በጁዶ ሚዛኑ የሚካሄደው በዋዜማው ምሽት ሲሆን፣ በማግስቱ ጧት በዕጣ የሚመረጡ ተወዳዳሪዎች ከምድባቸው ጣሪያ ከ5 በመቶ በላይ እንዳያልፉ ይፈተሻሉ። በብራዚል ጁጂትሱ ታላላቅ ውድድሮች ተወዳዳሪው ከመጀመሪያው ግጥሚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ልብሱን እንደ ለበሰ ይመዘናል። ዓለም አቀፉ የትግል ማኅበርም ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሚዛኑን ወደ ውድድሩ ዕለት ጧት አዛውሯል፤ ለፍጻሜ የደረሰ በሁለተኛው ቀን ጧት እንደገና ይመዘናል። ሕንዳዊቷ ቪኔሽ ፎጋት በፓሪስ ኦሊምፒክ በ50 ኪሎ ምድብ በአንድ ቀን ሦስት ግጥሚያ አሸንፋ ለፍጻሜ ካለፈች በኋላ፣ ነሐሴ 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ጧት 100 ግራም በልጣ በመገኘቷ ከውድድር ውጭ ሆናለች። ሌሊቱን ሙሉ ክብደት ለማውረድ ስትጣጣር አድራ ነበር፤ ጸጉሯ ሳይቀር ተቆርጧል።

ከሸዋ ሮቢት የሚነሣ ታጋይ ይህን ሁሉ የሚጋፈጠው ከመልክዓ ምድሩ ጋር ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ከሆነው ቆላ ተነሥቶ፣ በደብረ ሲና በኩል የጣርማ በርን ዳገት ወጥቶ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ያለውን በር ተሻግሮ፣ መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን ይደርሳል። ሙቀት የለመደ ሰውነት ፈጥኖና አብዝቶ ያልባል። ለሥራ የሚጠቅመው ይህ ጸጋ በሚዛን ፊት ማሳሳቻ ይሆናል፤ ከቀትር በኋላ አንድ ሰዓት ከሮጠ ሚዛኑ ኪሎ ወይም ከዚያ በላይ ሲወርድ ያያልና። በደጋው ደግሞ ብርዱ ሽንት ያበዛል፤ ደረቁ አየርም በትንፋሽ ውሃ ይወስዳል፤ የጥማት ስሜት ግን ይደበዝዛል። ውሃ ጎድሎበት ዳገቱን የወጣ ታጋይ ደብረ ብርሃን ሲደርስ ጉድለቱ ጨምሮ ይጠብቀዋል።

ከሁሉ የከፋው ፌስታል ወይም የዝናብ ልብስ ደርቦ መሮጥ ነው። የአየሩ ሙቀት ወደ ቆዳ ሙቀት ሲጠጋ ሰውነት ራሱን የሚያቀዘቅዝበት ብቸኛ መንገድ የላብ መትነን ነው፤ ላስቲክ ያንኑ ይዘጋዋል። በ1997 እ.ኤ.አ. ኅዳርና ታኅሣሥ፣ በ33 ቀናት ውስጥ፣ ሦስት የአሜሪካ ኮሌጅ ታጋዮች ሚዛን ለመግባት በሞቀ ክፍል ላብ በማያስተንን ልብስ ሲለማመዱ ሞተዋል። አንደኛው ሊያወርድ የሞከረው በሦስት ሰዓት 2.7 ኪሎ ነበር፤ ከላይ ከተሰላው ሦስት ኪሎ ያነሰ። ከዚያ በኋላ የኮሌጆቹ ማኅበር ላስቲክ ልብስንና የማላቢያ ክፍልን ከለከለ፤ የሽንት እፍግታ ከ1.020 እንዳያልፍ፣ ሳምንታዊ ቅነሳም ከሰውነት ክብደት 1.5 በመቶ እንዳይበልጥ ወሰነ።

በይፋት ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጿሚ ስለሆነ፣ ጾምን እንደ ክብደት መቀነሻ የመቁጠር ፈተና አለ። ሁለቱ ግን አይገናኙም። በረመዳን ቀን ላይ የሚጎድለው ክብደት በአብዛኛው ውሃ ስለሆነ ከኢፍጣር በኋላ ይመለሳል። በቱኒዚያ የጁዶ ተወዳዳሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት ልምምዳቸውን ያላቋረጡ ጿሚዎች አቅም ብዙም እንደማይቀንስ፣ የድካም ስሜታቸው ግን እንደሚጨምር አሳይቷል። በዐቢይ ጾም ደግሞ ሥጋና ወተት ስለሚቀሩ፣ ምስርና ሽሮ በበቂ መጠን ካልተበሉ ከስቡ ጋር ጡንቻም አብሮ ይወርዳል። በጾም ላይ ሆን ተብሎ ፈሳሽ መከልከል ሲጨመር ጉዳቱ ይደራረባል።

እንግዲህ 68 ኪሎው ታጋይ 65 ለመግባት የሚያዋጣው መንገድ በምግብ ነው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ኪሎ ካሎሪ ስለሚይዝ፣ በቀን 550 ያህል ቢቀንስ በሳምንት ግማሽ ኪሎ ይወርዳል፤ ሦስቱ ኪሎ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ይህም የሚቀነስ ስብ ላለው አዋቂ ነው፤ በማደግ ላይ ላለ ታዳጊ አይመከርም። ስድስት ሳምንት የሌለው በ70 ይግጠም፤ ሁለት ኪሎ መልቀቅ ሦስት ሊትር ከመጉደል ይሻላል። ሚዛኑ በዋዜማው ከሆነ አንድ ኪሎ ያህል ውሃ አውርዶ በሌሊቱ በሕይወት አድን ንጥረ ነገርና በጨው ባለው ምግብ መመለስ ይቻል ይሆናል፤ ከደጋው ብርድ ጋር ግን ይህም ቢሆን ጠባብ ነው።

የቀረው የአዘጋጆች ድርሻ ነው። ሚዛኑ ከግጥሚያው አንድ ሰዓት ቀድሞ ቢደረግ ውሃ አውርዶ የመጣ ሁሉ በመድረኩ ላይ ዋጋውን ይከፍላል፤ ይህን የሚያውቅ አሠልጣኝም ተወዳዳሪውን ለዚያ አይልክም። ለዚህ ግን የሚዛኑ ሰዓትና ውድድሩ የሚመራበት የምድብ ዝርዝር በመጥሪያ ደብዳቤው ላይ፣ ቢያንስ ከሁለት ወር አስቀድሞ፣ ለየወረዳው መድረስ አለበት። የወረዳው ሚዛንም ከውድድሩ ሚዛን ጋር በአንድ መመዘኛ ድንጋይ መስተካከል ይኖርበታል።