ንባብን ልማድ ስለ ማድረግና መልካም መጽሐፍን ስለ መምረጥ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ጎጃም የመጻሕፍትና የቅኔ አገር መሆኑን ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስንሰማ አድገናል። ዋሸራና ጎንጅ በቅኔ፣ ደብረ ኤልያስ፣ ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ወርቅ በጉባኤ ቤቶቻቸው ስማቸው የተጠራ ነው። ይሁን እንጂ የአባት ዝና ለልጅ ስንቅ አይሆንም። የሊቃውንት አገር ልጆች ነን እያልን በዓመት አንድ መጽሐፍ ሳንጨርስ ብንቀር ስሙን እንጂ ሀብቱን አልወረስንም ማለት ነው። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የተባለውም ለዚህ ነው።

ዛሬ ወጣቱ ጨርሶ አያነብም ማለት አይቻልም። ተማሪው ለፈተና ያነባል፤ ፈተናው ሲያልፍ ግን ደብተሩንም መጽሐፉንም ይዘጋል። በስልኩም ቀኑን ሙሉ ያነባል፤ ነገር ግን የሚያነበው አብዛኛው ቁርጥራጭ ነው። አንዱን ሳይጨርስ ሌላው ይመጣል፤ ማታ ምን አነበብህ ቢሉት የሚመልሰው የለውም። ስለዚህ ጥያቄው «እናነባለን ወይ?» ሳይሆን «የምናነበው ምን ይተውልናል?» የሚል ሊሆን ይገባል። በዚህ ጽሑፍ ንባብ እንዴት ልማድ እንደሚሆን፣ መጽሐፍ እንዴት እንደሚመረጥ፣ የተነበበውም እንዴት እንደሚያዝ በአጭሩ እንመለከታለን።

ሀ) አባቶቻችን ንባብን እንዴት ልማድ አደረጉት?

በአብነት ትምህርት ቤት ሕፃኑ ፊደል ከቆጠረ በኋላ ወዲያው ወደ ረጅም መጽሐፍ አይገባም። በመጀመሪያ ግዕዝ እያለ ፊደሉን አንድ በአንድ ይለያል፤ ቀጥሎ ውርድ ንባብ፣ ከዚያም ቁም ንባብ ይማራል። ከመልእክተ ዮሐንስ ተነሥቶ ወንጌለ ዮሐንስን አልፎ ዳዊት ይደግማል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሦስት ነገሮችን እናገኛለን። አንደኛው ቅደም ተከተል ነው፤ ቀላሉ ከከባዱ ይቀድማል። ሁለተኛው ድግግሞሽ ነው፤ ያው ገጽ አንደበት እስኪለምደው ይመላለሳል። ሦስተኛው ስሕተትን የሚያርም የኔታ መኖሩ ነው።

ትልቁ ምሥጢር ግን ድርሻው የተወሰነ መሆኑ ነው። መቶ ሃምሳው መዝሙረ ዳዊት ለሳምንቱ ዕለታት ተከፍሏል። የሰኞው ከ1 እስከ 30፣ የማክሰኞው ከ31 እስከ 60 እያለ ቅዳሜ 150ኛው ላይ ይደርሳል፤ እሑድ ደግሞ የነቢያት ጸሎትና መኃልየ መኃልይ ይደገማል። ስንክሳርም እንዲሁ ለየዕለቱ የሚነበብ አለው። ዳዊት ደጋሚ አያቶቻችን «ዛሬ ደስ ብሎኛልና ላንብብ፣ ነገ ሲከፋኝ ልተው» አይሉም፤ ቀኑ ሲመጣ ድርሻው አብሮ ይመጣል። ልማድ ማለት ይህ ነው። ስሜት እስኪመጣ የሚጠብቅ አንባቢ ብዙ ጊዜ መጽሐፉን ከአሥረኛው ገጽ አያሳልፈውም።

ለ) «ጊዜ የለኝም» ለምንል

በግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 8 የተጻፈውን ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ሁላችንም እናውቀዋለን። የንግሥት ሕንደኬ ባለሟልና በገንዘቧ ሁሉ ላይ የተሾመ ሰው ነበር። ሥራ የበዛበት ሰው ቢፈለግ ከእርሱ የሚበልጥ አይገኝም። ሆኖም ከኢየሩሳሌም ሲመለስ በሠረገላው ላይ ትንቢተ ኢሳይያስን ያነብ ነበር። የመንገዱን ጊዜ የንባብ ጊዜ አደረገው። ቅዱስ ጳውሎስም በእስር ላይ ሆኖ ለጢሞቴዎስ በጻፈው በሁለተኛው መልእክቱ፣ በምዕራፍ 4፣ በጢሮአዳ የተወውን በርኖስና መጻሕፍቱን እንዲያመጣለት ይለምነዋል። ለብርዱ በርኖስ፣ ለአእምሮው መጻሕፍት አስፈልገውታል።

ነገሩን በቁጥር እንየው። የከተማችን ታቦት የቅዱስ ማርቆስ ወንጌል 16 ምዕራፍ ብቻ ነው፤ በቀን አንድ ምዕራፍ ብናነብ በ16 ቀን እንጨርሰዋለን። 27ቱ የሐዲስ ኪዳን መጻሕፍት 260 ምዕራፎች ናቸው፤ በቀን አንድ ምዕራፍ ቢነበብ ከዘጠኝ ወር በታች ይበቃቸዋል። በቀን 10 ገጽ የሚያነብ ሰው ባለ 300 ገጽ መጽሐፍ በአንድ ወር ይፈጽማል፤ በዓመት 12 መጽሐፍ ማለት ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረት በንባብ ላይ በትክክል ይሠራል።

ለጀማሪ የሚበጀው ሰዓቱንና ቦታውን መቁረጥ ነው። ከጸሎት በኋላ ግማሽ ሰዓት፣ ወይም ከመኝታ በፊት ሃያ ደቂቃ ይበቃል። በዚያ ሰዓት ስልክን ከእጅ ማራቅ ያሻል። አንድ ቀን ቢያመልጥ በማግሥቱ መቀጠል እንጂ «እንግዲህ ተበላሽቷል» ብሎ መተው አይገባም።

ሐ) መጽሐፍን እንዴት እንምረጥ?

የደጋው ገበሬ ያገኘውን እህል ሁሉ ለዘር አያስቀምጥም። ከአውድማው መልካሙን መርጦ፣ እንክርዳዱን ለቅሞ ለብቻው ያኖራል፤ የሚዘራው ለሚመጣው ዓመት መሆኑን ያውቃልና። በወጣትነት የሚነበብ መጽሐፍም ዘር ነው። ስለዚህ መጽሐፍ ከመጀመራችን በፊት የሚከተሉትን ብንጠይቅ ይጠቅመናል።

1ኛ. ጸሐፊው ማን ነው? ስለሚጽፈው ነገር ተምሯል ወይስ ሰምቶ ብቻ ነው? የጸሐፊም የአሳታሚም ስም የሌለበት ጽሑፍ ኃላፊነት የሚወስድለት የለም።

2ኛ. መንፈሳዊ መጽሐፍ ከሆነ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ጋር ይስማማል? በሊቃውንት ጉባኤ መታየቱን ወይም አለመታየቱን መመልከት፣ ካልገባንም አባቶችን መጠየቅ ይገባል። በተለይ የዓለምን ፍጻሜ ቀን ቆርጠው የሚናገሩ፣ ሰውን በፍርሃት የሚያስጨንቁ ጽሑፎች በየስልኩ ይዘዋወራሉ። ጌታ በወንጌሉ ያን ቀን ከአብ በቀር የሚያውቀው እንደሌለ እያስተማረን የእነዚህን ወሬ ማመን አይገባም።

3ኛ. አቅማችንን ይመጥናል? በመጀመሪያ መቅድሙንና ማውጫውን፣ ከዚያም ከመካከል አንድ ሁለት ገጽ እናንብብ። በየዓረፍተ ነገሩ የሚያደናቅፈን ከሆነ ለጊዜው እናቆየው፤ ጨርሶ የማያሳስበን ከሆነም ጊዜያችንን አናባክንበት።

4ኛ. ያነበበው ሰው ምን ይላል? ከሽፋኑ ሥዕል ይልቅ የአንድ አስተዋይ አንባቢ ምስክርነት ይታመናል።

መ) ልብ ወለድና ሌሎች ዓለማውያን መጻሕፍትስ?

«የቤተ ክርስቲያን ልጅ ከመንፈሳዊ መጽሐፍ በቀር ሊያነብ አይገባውም» የሚሉ ወንድሞች አሉ። አሳባቸው ከቅንነት የመነጨ ነው፤ የሚያረክስ ጽሑፍ በእርግጥ ሞልቷልና። ዳሩ ግን የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁን ሕይወት ብናይ ነገሩ ሌላ ገጽ አለው። ሐዲስ የተወለዱት ከዚሁ ከደብረ ማርቆስ አቅራቢያ ከእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ነው። በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተምረዋል። በጠላት ወረራ ዘመን ከልዑል ራስ እምሩ ጋር ተማርከው ወደ ኢጣልያ ተወስደው ለዓመታት ታስረዋል። ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አሳተሙ። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከውም ፊደል ያልቆጠረው ሕዝብ ሳይቀር መጽሐፉን በጆሮው አነበበው።

ያ መጽሐፍ ከቅኔ ቤትና ከዳዊት ተማሪ ቤት በወጣ ብዕር የተጻፈ ነው። የበዛብህ የተማሪነት ኑሮ፣ የባላባቱ ትዕቢት፣ የገበሬው ሸክም፣ የጉዱ ካሣ ሙግት ሁሉ የዚህችን አገር ነፍስ ያሳያሉ። በካህናትና በመሳፍንት ድካም ላይ የሚሰነዝረው ወቀሳም አለ፤ እርሱንም ሳንቈጣ፣ እውነትነቱን እየመዘንን ልናነበው እንችላለን። ወቀሳን መስማት የማይችል እምነት ደካማ ነው። እንግዲህ መለኪያው መንፈሳዊ የሚል ስም መያዙ ብቻ ሳይሆን፣ ካነበብነው በኋላ ለሰው ርኅራኄን፣ ለእውነት ፍቅርን፣ ለራሳችንም ምርመራን መጨመሩ ነው።

ሠ) ያነበብነውን እንዴት እንያዝ?

የቅኔ ተማሪ በሰሙ አይረካም፤ ወርቁን ይፈልጋል። የትርጓሜ መምህርም አንዱን ቃል ፈትቶ «አንድም» ብሎ ሌላውን ይጨምራል። እኛም አንድ ምዕራፍ ስንጨርስ መጽሐፉን ዘግተን «ምን አለ? ለምን አለ? ለእኔስ ምን አለኝ?» ብንል ንባባችን ፍሬ ያፈራል። ትንሽ ደብተር ይዞ ከእያንዳንዱ መጽሐፍ ሦስት አራት መስመር በራስ ቃል መጻፍም ይረዳል። ያልገባንን መጠየቅ ደግሞ ነውር አይደለም። ጃንደረባው ፊልጶስ የምታነበውን ታስተውላለህን ባለው ጊዜ ሹመቱን አስቦ አልተኰራም፤ የሚመራው እንደሚያስፈልገው ተናገረ። በዚያው መንገድ ተጠመቀ።

ረ) ንባባችን ለወንድማችን

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ እጅግ ብዙ ሕፃናት ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። ፊደል ለይቶ ማንበብ ሳይጀምር የቆመ ልጅ፣ ሁለት ዓመት ሲያልፈው የለየውንም ይረሳል። የዚህን ሁሉ መፍትሔ በእጃችን አልያዝንም። ነገር ግን ከቅዳሴ በኋላ ሁለት ሦስት ልጆችን አስቀምጦ አንድ ገጽ ማስነበብ ከአቅማችን በላይ አይደለም። የኔታ በዛፍ ጥላ ሥር ያስተማሩት ወንበርና ጠረጴዛ ኖሯቸው አልነበረም። መጽሐፍም ውድ ሆኗልና እያንዳንዳችን አንድ አንድ ገዝተን ብንለዋወጥ ሃያ አባላት ሃያ መጽሐፍ ያነባሉ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንዲሉ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቀን ውስጥ ለንባብ ልንቆርጠው የምንችለው ሰዓት የትኛው ነው?
2. ባለፈው ዓመት ካነበብነው ውስጥ ጠባያችንን የለወጠ መጽሐፍ አለ? ምን ለወጠ?
3. በአጥቢያችን ከትምህርት የራቁ ልጆችን ማን፣ መቼ፣ የት ያስነብብ?

ለሦስተኛው ጥያቄ በሚቀጥለው እሑድ ስም ይዘን እንምጣ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።