የሕዝብን አሳብ በመሣሪያ ስለ መቍጠር

ስለ መንገድ ወይም ስለ ገበያ ስፍራ ሕዝብ ተሰብስቦ ሲመክር፥ እጅ በማውጣት ድምፅ መስጠት ጐረቤትን ያሳፍራል፤ ቈጣሪውንም ያሳስታል። ስለዚህ በአንዳንድ አገሮች ለየሰዉ ትንሽ የቍልፍ መሣሪያ ይታደላል፤ ሰውየው የመረጠውን ቍጥር ሲጫን፥ የሁሉ ድምር ወዲያው በአዳራሹ ስክሪን ላይ ይታያል።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ጁላይ 20 ቀን 2002 ከ4,000 የሚበልጡ ሰዎች በኒው ዮርክ ጃቪትስ አዳራሽ ተሰብስበው፥ በ2001 በጥቃት ስለ ፈረሰው የዓለም ንግድ ማዕከል ስፍራ በዚሁ መሣሪያ አሳባቸውን ሰጡ። የቀረቡት 6 ፕላኖች ሁሉ 1 ሚሊዮን ሜትር ካሬ ያህል የቢሮ ቦታ ለመመለስ የታሰቡ ነበሩ። ተሰብሳቢው በየጠረጴዛው አስቀድሞ ከተወያየ በኋላ ቍልፉን ቢጫን፥ አብዛኛው በፕላኖቹ አለመርካቱ በቍጥር ታየ፤ ባለሥልጣኖቹም ሌላ ንድፍ እንዲቀርብ ጠየቁ።

መሣሪያው የሚቈጥረው ግን የተጠየቀውን ብቻ ነው። «መንገዱ ይስፋ ወይስ አይስፋ?» ተብሎ፥ ሱቁ ለሚነሣበት ነጋዴ ስለሚሰጠው ምትክ ቦታ ጥያቄ ካልቀረበ፥ ድምሩ ትክክል ሆኖ ሳለ ነጋዴው ይጐዳል። ስብሰባውም በንግድ ሰዓት ከተጠራ፥ ሱቁን ዘግቶ ያልመጣው በቍጥሩ ውስጥ የለም። እንግዲህ ባለሱቁ የጥያቄዎቹን ዝርዝር አስቀድሞ ጠይቆ የጐደለውን በጽሑፍ ያሳስብ፤ ራሱ መገኘት ባይችል፥ ጕዳዩን የሚያውቅ ጸሐፊውን ይላክ።