በመጠነኛ ገንዘብ የጠመንጃ መነጽር ስለ መምረጥ

ጠመንጃ ለመያዝ ሕጋዊ ፈቃድ ያለው ሰው ለአደን ወይም ለዒላማ ተኩስ የሚሆን የማነጣጠሪያ መነጽር ለመግዛት ሲነሣ፣ ነጋዴውን አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ጊዜ ያጐላል?» ብሎ ነው። ነጋዴውም ከፍ ያለውን ቍጥር ይነግረዋል። እንዲህ ያለው ግዢ ብዙ ጊዜ የሚያኰራ እንጂ የሚያገለግል መነጽር አያስገኝም። የዚህ ትምህርት ዓላማ ባለ መጠነኛ ገንዘብ የሆነ ሰው ገንዘቡን በምን ላይ ማዋል እንደሚገባው ማስረዳት ነው። ነገሩም የገንዘብ ብቻ አይደለም። ጥይቱ ከታለመበት ስፍራ ጥቂት ቢያልፍ እንስሳው ቈስሎ ወደ ጫካ ይገባል፤ በሥቃይም ይሞታል። ከበስተኋላው እረኛ ወይም መንደር ካለ ደግሞ ጉዳቱ ከዚያ የከፋ ይሆናል። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ብዙ ማጉላት ለትክክለኛ ተኩስ ዋና ነገር አለመሆኑን ታሪክ ያስተምረናል። በ1939 እና በ1940 በተደረገው የክረምት ጦርነት ስሙ የተጠራው ፊንላንዳዊ አልሞ ተኳሽ ሲሞ ሃይሃ ያለ መነጽር፣ በተራ የብረት ማነጣጠሪያ ብቻ ይተኩስ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሶቪየት ኅብረት አልሞ ተኳሾች በሞሲን ናጋን ጠመንጃ ላይ የገጠሙት «ፒ ዩ» የተባለው መነጽር የሚያጐላው ሦስት ጊዜ ተኩል ብቻ ነበር። በአሜሪካም ዊቨር የተባለ ሰው በ1930ዎቹ ዓመታት ከ20 ዶላር በታች የሚሸጥ ቀላል መነጽር አውጥቶ፣ የባለጸጋ ዕቃ የነበረውን መሣሪያ ለተራው አዳኝ አድርሶታል። እንግዲህ ትንሽ ዋጋና ትንሽ ማጉላት በራሳቸው ነውር አይደሉም።

አንደኛ፤ መነጽሩ የሚያገለግልበትን አገር ማወቅ ይገባል። ለምሳሌ በካምፓላ ከተማ በኪዋቱሌ የሚኖር ሰው በኡጋንዳ በተፈቀደው ስፍራ ለማደን ቢያስብ፣ ከከተማው ወደ ምዕራብ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ተጕዞ በምቡሮ ሐይቅ አካባቢ ወዳለው አገር ይሄዳል። በዚያች አገር ታግዶ የነበረው የስፖርት አደን በ2001 በሙከራ መልክ እንደገና የተጀመረው በዚሁ አካባቢ ነው። ለካምፓላ ከተማ ስም መነሻ እንደ ሆነ የሚነገርለት ኢምፓላ የሚገኘውም እዚያ ነው። አገሩ የግራርና የቍጥቋጦ አገር ስለ ሆነ እንስሳው ከቅርብ ታይቶ ወዲያው ይሰወራል። አራት ጊዜ የሚያጐላ መነጽር በ100 ሜትር ርቀት ወደ 10 ሜትር የሚጠጋ ስፋት ሲያሳይ፣ ዐሥራ ሁለት ጊዜ የሚያጐላው ግን የሚያሳየው 3 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በቍጥቋጦ መካከል ብዙ የሚያጐላ መነጽር የያዘ ሰው እንስሳውን ፈልጎ ሳያገኘው ይቀራል። ለዚህ አገር አራት ጊዜ የሚያጐላ፣ ማጉያው የማይለወጥ መነጽር ይበቃል። የሚንቀሳቀስ ክፍሉ ጥቂት በመሆኑም በአንድ ዋጋ የተሻለ መስተዋት ይገኝበታል።

የአገራችን ደጋ ግን ሌላ ነው። ከኢትዮጵያ በቀር በየትም የማይገኘው የደጋ አጋዘን በባሌና በአርሲ ተራሮች ይኖራል፤ ለሳይንስ ዓለም ስሙ የተሰጠውም በ1910 ነው። ቍጥሩ ያነሰና ለመጥፋት የተቃረበ በመሆኑ፣ ልዩ ፈቃድ ያገኘ አዳኝ እንኳ አንዱን ሊያቈስልና ሌላውን ሊከተል አይገባውም። በደጋ ላይ ተኩሱ ብዙ ጊዜ ከሸለቆ ማዶ ስለሚሆን፣ ከሦስት እስከ ዘጠኝ ጊዜ የሚያጐላና የፊት መስተዋቱ 40 ሚሊ ሜትር የሆነ መነጽር ተስማሚ ነው። ከዚህ በላይ መክፈል ግዴታ አይደለም።

ሁለተኛ፤ ከመነጽሩ በፊት መነጽሩን ከጠመንጃው ጋር ለሚያያይዙት ቀለበቶችና ለመደባቸው ገንዘብ መመደብ ይገባል። ብዙ ሰው ስሕተት የሚሠራው በዚህ ነው። ሁለቱ ቀለበቶች በ15 ሳንቲ ሜትር ተራርቀው ቢቀመጡና አንደኛው በአንድ ቅጠል ወረቀት ውፍረት፣ ማለት በሚሊ ሜትር ዐሥረኛ ያህል ቢናወጥ፣ ጥይቱ በ100 ሜትር ላይ 7 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ በ200 ሜትር ላይ 13 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይስታል። በውድ መነጽር ውስጥ ያለ ጥሩ መስተዋት ይህን ሊያርም አይችልም። የመነጽሮች ቧንቧ ብዙ ጊዜ 25.4 ወይም 30 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፤ ቀለበቱ ከቧንቧው ጋር በልክ መግጠም አለበት። ወረቀት ወይም ጨርቅ ጠቅልሎ ማጥበቅ ፈጽሞ አይገባም።

ሦስተኛ፤ የመስተዋቱን ጥራት በዓይን መመርመር ነው። የፊት መስተዋቱ ስፋት ለማጉያው ቍጥር ሲካፈል ወደ ዓይን የሚደርሰው የብርሃን ክብ ስፋት ይታወቃል። 40 ለ4 ሲካፈል 10 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ 40 ለ10 ሲካፈል ግን 4 ብቻ ነው። የወጣት ሰው የዓይን ብሌን በጨለማ ወደ 7 ሚሊ ሜትር ይከፈታል፤ ዕድሜ ሲገፋም ይጠብባል። አዳኝ መነጽሩን እጅግ የሚፈልገው በማለዳና በምሽት ስለ ሆነ፣ ዕቃውን በቀትር ሳይሆን ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል በጥላ ወዳለ ነገር አሳይቶ መሞከር ይገባል። ወደ ፀሐይ ማየት ግን ዓይንን ያጠፋል። በተጨማሪም በዓይንና በመነጽሩ መካከል 9 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቀት እንዲኖር ያስፈልጋል፤ አለዚያ ጠመንጃው ወደ ኋላ ሲገፋ ቅንድብን ይሰነጥቃል።

አራተኛ፤ ማስተካከያው እውነተኛ መሆኑን ማረጋገጥ ነው። በብዙ መነጽሮች ማስተካከያው «ቀጭ» ብሎ አንድ ጊዜ ሲዞር ምልክቱን በ100 ሜትር ላይ 1 ሳንቲ ሜትር፣ በሌሎቹም 7 ሚሊ ሜትር ያህል ያንቀሳቅሳል። በርካሽ ዕቃ ላይ ይህ ቍጥር በወረቀት ብቻ ይገኛል። እንደ ኪዋቱሌ ቤት ከቤት ተጠጋግቶ በተሠራበት ሠፈር ተኩሶ መሞከር የሚታሰብ አይደለም፤ የጠመንጃ ጥይት ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላልና። ነገር ግን ሳይተኩሱ የሚደረግ ፈተና አለ። መነጽሩን ከጠመንጃው ለይቶ በጠረጴዛ ላይ እንዳይነቃነቅ አጥብቆ ማሰር፤ በልክ የተሰመረ ሰሌዳ በ100 ሜትር ላይ ማቆም፤ ከዚያም ማስተካከያውን ዐሥር ጊዜ ወደ ቀኝ፣ ዐሥር ጊዜ ወደ ታች፣ ዐሥር ጊዜ ወደ ግራ፣ ዐሥር ጊዜ ወደ ላይ ማዞር ነው። ምልክቱ አራት ማዕዘን ሠርቶ ከተነሣበት ነጥብ ላይ በትክክል ከተመለሰ ዕቃው የታመነ ነው፤ ካልተመለሰ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ አይገዛም።

አምስተኛ፤ እርጥበትን የሚከላከል መሆን አለበት። በካምፓላ ዝናብ በዓመት በሁለት ወቅቶች ይመላለሳል፤ በባሌም ጉም ከጧት እስከ ማታ ሊቈይ ይችላል። በውስጡ ደረቅ ናይትሮጅን የተሞላ መነጽር ከብርድ ወደ ሙቀት ሲገባ በውስጡ ላብ አይይዝም። ከላይ በመስተዋቱ ላይ የሚያርፈው ጠል በንጹሕ ጨርቅ ይጠረጋል፤ በውስጥ የገባው ግን ሊጠረግ አይችልም።

መነጽሩ ከተገጠመም በኋላ ሥራው አላለቀም። በተፈቀደ የተኩስ ስፍራ፣ ለአደን በሚያገለግለው ዐይነት ጥይት ተስተካክሎ ይሞከራል። ሻካራ መንገድ ከተጓዘ በኋላም እንደገና ይፈተሻል። ከፍታም ለውጥ ያመጣል። የባሌው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ከፍታ አለው፤ በዚያ ያለው ስስ አየር ጥይቱን የሚያዘገየው ከቈላው አየር ባነሰ ኀይል ነው። ልዩነቱ በቅርብ ጥቂት ቢሆንም በርቀት ይሰፋል። ስለዚህ በመነጽሩ ላይ ከሚጨመረው ገንዘብ ይልቅ ለልምምድ ጥይት የሚውለው ይበልጥ ይጠቅማል።

ስለ ሕግም ጥቂት እንጨምር። በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቍጥጥር በ2020 በወጣው አዋጅ ቍጥር 1177 ይመራል፤ በኡጋንዳም የ1970 የጦር መሣሪያ ሕግ አለ። ማንም ሰው መነጽር ከመግዛቱ ወይም ከአገር ወደ አገር ከማዘዋወሩ አስቀድሞ ፈቃድ ሰጪውን መሥሪያ ቤት ይጠይቅ፤ ጠመንጃው የተፈቀደለት ሰው ሁሉ መነጽሩም ተፈቅዶልኛል ብሎ ሊገምት አይገባውምና። የአደን ፈቃድም ከጦር መሣሪያ ፈቃድ የተለየ መሆኑን ያስታውስ። የየወረዳው ሹማምትም ባለጕዳይ ሲጠይቃቸው ይህን ልዩነት በግልጽ ማስረዳት ይገባቸዋል።

በመጨረሻም፣ የጠመንጃ መነጽር መመልከቻ አይደለም። በሩቅ የሚታየው ሰው ይሁን እንስሳ ለመለየት በጠመንጃው መነጽር የሚመለከት ሰው፣ ሳያስበው አፈሙዙን ወደ ሰው ያዞራል። ስለዚህ በአንድ ብድግታ ሁሉን መግዛት የማይችል ሰው ከጠመንጃው መነጽር ዋጋ ጥቂት ቀንሶ ተራ የእጅ መነጽር ይግዛ፤ በእርሱ አይቶ ይለይ፤ ካረጋገጠ በኋላ ብቻ ጠመንጃውን ያንሣ። ጽኑ ቀለበት፣ ጥሩ መስተዋት፣ የማይዋሽ ማስተካከያና የእጅ መነጽር ያለው አዳኝ፣ በጠመንጃው ላይ ያለው መነጽር አራት ጊዜ ብቻ ቢያጐላም የጐደለበት ነገር የለም።